ሠላሳ አንደኛዋ ስም

ሶስና ተነሳች። ጓደኛዋ አርሴማ «ተቀመጭ አንች!» እያለች ቀሚሷን ብትጎትታትም አልሰማችም፣ ተነሳች አልኳችሁ! የእንጅባራው አዳራሽ ጢም ብሏል፣ ሁለት መቶ ሰው ይሆናል። መድረኩ ላይ ማይክ ይዞ የቆመው ደግሞ ማን ነው? ምንይችል። የራሷው ምንይችል። የፊታችን እሁድ ዳንግላ ቤተሰቦቿ ዘንድ ሽማግሌ ሊልክ ቀን የቆረጠው ልጅ፣ የንግድ ቢሮ ባለሙያው፣ ሸሚዙን እሷ የመረጠችለት!

ምን ብሎ ነው ያስነሳት? ረቂቅ ደንቡን እያነበበ ነበር። በኔትወርክ ንግድ ስም ሰው የሚያጭበረብሩትን ሊይዝ የተዘጋጀውን ማለቴ ነው። ሰው ጎትተህ አምጣ፣ እሱም ሌላ ጎትቶ ያምጣ፣ ከታች ያለው ሲያለቅስ ከላይ ያለው መኪና ይግዛ የሚባለውን ነገር ታውቁታላችሁ፣ ስንቱን ቤት እንዳፈረሰ። ደንብ ቢወጣለት ማን ይጠላል? ሶስናም አልጠላችም። ችግሩ ረቂቁ ውስጥ አንዲት አንቀጽ አለች፤ ከሥሩ ከአሥር ሰው በላይ ያለው ቤት ለቤት ሻጭ ሁሉ፣ የሚኖረው ዕቃ በመሸጥ እንጂ አባል በመሰብሰብ እንዳልሆነ እስኪያስረዳ ድረስ እንደ አጭበርባሪ ይቆጠራል ትላለች። ሶስና ደግሞ ከሥሯ አሥራ አራት ሴቶች አሏት።

ቅባት ነው የምትሸጠው። የጥቁር አዝሙድ ቅባትና ሳሙና፣ ባሕር ዳር ካለች አንዲት ትንሽ ማምረቻ እያመጣች፣ ዳንግላ፣ እንጅባራ፣ ግምጃ ቤት፣ ቤት ለቤት። ሱቅ የላትም። ያላት ሕግ ነው፣ ያውም የራሷ ሕግ። በመጀመሪያው ቀን አትሸጥም። ትገባለች፣ የሴትዮዋን እጅ ትይዛለች፣ ጀርባውን ትቀባላታለች፣ ከዚያ «መድኃኒት አይደለም፣ እንዳይሸወዱ። ግን ያሞቃል። በሳምንቱ እመለሳለሁ፣ ከተስማማዎት ያኔ ይገዛሉ» ብላ ውልቅ። አሥራ አራቱንም እንደዚያ ነው ያስተማረቻቸው።

እና ምንይችል መድረኩ ላይ «ለምሳሌ» አለ። «ለምሳሌ በዞናችን አንዲት ሴት አለች። በገዛ እጇ በጻፈችው ዝርዝር ከሥሯ አርባ ሦስት አባል አላት። ገዢ ግን አንድም አልመዘገበችም። አንድም! ታዲያ ይሄ ንግድ ነው?»

አርባ ሦስት። ሶስና ቁጥሩን አወቀችው። ያንን ዝርዝር የሰጠችው እሷ ናት። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ዘንገና ሐይቅ ዳር፣ ትከሻው ላይ ተደግፋ። «የሚደግፉሽን ሰዎች ስም አምጭልኝ፣ ከአስተያየትሽ ጋር አያይዘዋለሁ» ያላት ራሱ ነው።

«ጥያቄ አለኝ» አለች።

ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ «አንች ደግሞ የየትኛው ፒራሚድ ንግሥት ነሽ?» አላት። አዳራሹ በሳቅ።

ሶስና ዞር እንኳ አላለችም። ዓይኗ ምንይችል ላይ ነው። እሱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ።

«ሴትዮዋን ጠይቀሃታል?» አለችው። «ለምን እንደጻፈችው ጠይቀሃታል?»

አንተ አለችው እኮ! በሁለት መቶ ሰው ፊት፣ መድረክ ላይ የቆመውን ሰውዬ። ሳቁ ጸጥ አለ። ምንይችል ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዓይን ለዓይን ተያዩ። ሶስና ያን ዓይን ታውቀዋለች፣ ሲስቅም ሲቆጣም፣ ጉንፋን ሲይዘውም ታውቀዋለች። እንደዚህ ሆኖ ግን አይታው አታውቅም።

«ይቅርታ እህቴ» አለ በማይኩ። «በመጀመሪያ ስምዎን ቢነግሩን። ከዚያ ከሥርዎ ስንት ሰው እንዳለ።»

ስምዎን! ስምንት ወር ሙሉ «ሶስዬ» ሲል የከረመ አፍ። ቢሰድባት ትሰድበው ነበር። እርስዎ ለሚል ሰው ምን ይመለስለታል? ቦርሳዋን ይዛ በሰው ጉልበት መሀል እየተሹለከለከች ወጣች።

* * *

ውጭው ካፊያ ነው። ያ የእንጅባራ ብርድ፣ ከላይ የማይዘንብ ከሥር የሚገባው። ባጃጅ ለመጥራት እጇን ስታነሳ ከኋላዋ ሲሮጥ ሰማችው።

«ሶስና!»

«እርስዎ አይሉኝም እንዴ?» አለች ሳትዞር። «እዚህም ሰው አለ እኮ።»

«አትቀልጅ።»

«ቀላጇ እኔ ነኝ? ምሳሌ አድርገህ ያነበብከኝ አንተ!»

«ስምሽን አልጠራሁም።»

«ብትጠራው ይሻለኝ ነበር! ስሜን ጠርተህ ሌባ ብትለኝ ቢያንስ ሌባው ማን እንደሆነ ይታወቃል።»

ምንይችል ጃኬቱን አልለበሰም፣ ሸሚዙ እየራሰ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ነጠላዋን ታለብሰው ነበር።

«አሥራ አራት ናቸው ስትይኝ አልነበር?» አላት። «ለምን ዋሸሽኝ?»

«አሥራ አራት ናቸው! ሌሎቹ ገዢዎቼ ናቸው።»

እውነቷን ነው። ረቂቁ ለአስተያየት ሲበተን አብራው የታደለችው ቅጽ አንዲት ብቻ ነበረች፣ አናቷ ላይ «ከሥር ያሉ አባላት» የሚል የተጻፈባት። ሶስና አሥራ አራቱን ጻፈችና አየችው። ወረቀቱ ግማሹም አልሞላ። አሥራ አራት ሰው ይዤ ማን ይሰማኛል አለች በልቧ። ሰፈራቸው ለድንጋይ መንገድ ያመለከተ ጊዜ ለልቅሶ የመጣ እንግዳ ሳይቀር ስሙ ተጽፎ ነበር፣ ሰው ሲበዛ ቶሎ ይሰማል ተብሎ። መንገዱም መጣ! እና ገዢዎቿን ከሥር ደረደረቻቸው። ሃያ ዘጠኝ ሴት። አናቱ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማን አየው?

ይህን ሁሉ ካፊያው ላይ ቆማ በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። ሰማት። ግን አሰማሙ አላማራትም፣ ሲሰማት መልስ ላይ ስህተት የሚፈልግ አስተማሪ ነው የሚመስለው።

«ሠላሳ አንደኛዋም ገዢ ናት?» አላት።

«ሠላሳ አንደኛዋ ማን ናት?»

«እህተማርያም ወገኔ። ግምጃ ቤት።»

«እትዬ እህተማርያም!» ፊቷ ፈታ አለ፣ ሳታስበው። «አዎ፣ እሳቸው ጉልበታቸውን ያማቸዋል፣ በየሁለት ሳምንቱ ነው የምሄድላቸው። የት ታውቃቸዋለህ?»

«እናቴ ናት።»

ባጃጁ መጥቶ ቆመ። ሶስና አላየችውም።

እንዴት ሳታውቅ ቀረች ትሉኝ ይሆናል። እሱ «እናቴ ገጠር ናት» ከማለት በቀር ስማቸውን ጠርቶላት አያውቅም፣ ሽማግሌ ሳይሄድ ደግሞ አማት አይታይም። እትዬ እህተማርያምም «አንድ ልጅ አለኝ፣ ቢሮ ነው የሚሠራው» ነው ያሏት። እንጅባራ ላይ ቢሮ የማይሠራ የማን ልጅ አለ?

«ትናንት ነው ስሟን ያየሁት» አለ ምንይችል። «ፋይሉን ሳዘጋጅ። ወዲያው ደወልኩላት። ሶስና የምትባል ቅባት ሻጭ ታውቂያለሽ ወይ አልኳት። አላውቃትም አለችኝ።»

«አላውቃትም አሉ?»

«አባቴም እንደዚያ ነበር የሚለው። አላውቃቸውም። ያንን ሁሉ የዲከረንስ ዛፍ፣ አሥር ዓመት የተከልነውን ለከሰል ሸጦ ለኔትወርክ ሰዎች ሲሰጥ አላውቃቸውም እያለ ነው። ሰዎቹ ሲጠፉ ቤት ገባ፣ ቁጭ አለ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከማንም ጋር ሳያወራ ሞተ። ያኔ እናቴ ቤት ለቤት የሚዞር ሻጭ ደጄን አይረግጥም ብላ ምላልኛለች። በአባቴ አፈር።» ፊቱን ከካፊያው ጠረገ። «ከጾም በፊት ስጠይቃት ቤቱ ጥቁር አዝሙድ ጥቁር አዝሙድ ይሸተኛል። አንች አንች ይሸተኛል፣ ይገባሻል? ናፍቆት ነው ብዬ ሳቅሁ። ሞኝ!»

ሶስናም ግን ዝም ብላ የምትገፋ አይደለችም።

«እኔስ ልጠይቅህ? ዘንገና ወስደህ፣ ፀጉሬን እየነካካህ ስም አምጭ ያልከኝ ለፍቅር ነበር ለፋይል?»

መለሰላት ብላችሁ ነው? አልመለሰም። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ። ባጃጁ ጥሩንባውን ነፋ። ሶስና ገባችና ሄደች። መንገዱን ሙሉ ያን ዝምታ ስትመነዝረው ነበር፣ አዎ ነው ወይስ አይደለም?

* * *

በማግስቱ የምንይችል ስልክ ዝግ ነው። የእሷን ስልክ ግን መዝጋት አልቻለችም፣ የአዳራሹ ወሬ ደርሷቸው ሴቶቹ ደወሉ። «ስማችንን ቢሮ ሰጠሽብን?» «ባሌ አያውቅም እኮ፣ ለራሴ ቅባት መግዛቴን!» «ሶስና እባክሽን፣ እስር ቤት ያስገባል እንዴ?» ከአሥራ አራቱ ሦስቱ ሳሙናውን በካርቶን፣ ዕቃው በሚቀመጥበት በጎረቤቷ በአርሴማ ደጅ ጥለውት ሄዱ።

ሶስና ግን አንድ ነገር አሰበች። እትዬ እህተማርያም ለልጃቸው እውነቱን ቢነግሩት፣ «ገዝቼ ነው፣ አባል አይደለሁም» ቢሉት፣ አለቀ! የአንዷ ነገር ካለቀ የሌሎቹም ያልቃል። ሚኒባስ ተሳፈረች፣ ግምጃ ቤት ወረደች፣ ያን ዲከረንስ ጥሻ ጥሻውን ሄደች።

እትዬ እህተማርያም ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፣ እግራቸውን ዘርግተው፣ ጉልበታቸውን ገልጠው። ከጎረቤታቸው ጋር በአዊኛ እየተሳሳቁ ነበር። ሲያዩዋት ጎረቤታቸውን ሸኟትና ወደ አማርኛ ዞሩ።

«ገና አላለቀብኝም እኮ ልጄ፣ ምነው ቸኮልሽ? ወይስ ጉልበቴ ናፈቀሽ?»

«ለቅባት አይደለም የመጣሁት፣ እትዬ። ልጅዎ ስለ እኔ ጠይቆዎት ነበር?»

አሮጊቷ ግራ ቀኝ አዩ። «አንች ልጅ፣ ማን ነገረሽ?»

«አላውቃትም አሉት።»

«ታዲያ ምን ልበለው? ምያለሁ እኮ! በሰውዬው፣ በልጄ አባት አፈር ምያለሁ። አንድ ቀን ሲያመኝ አንች መጣሽ፣ እጄን ያዝሽ፣ አልሸጥም ብለሽ ሄድሽ። እንዲህ ያለች ሻጭ አይቼ አላውቅም አልኩ። ይኸው አሁን ቤተ ክርስቲያን እደርሳለሁ። ልጄ ቢያውቅ ግን ይሞትብኛል፣ እንዳትነግሪው።»

ሶስና ቁልቁል ተንበረከከች። «ልጅዎ ምንይችል ነው፣ አይደል?»

«ስሙን እንዴት አወቅሽ?»

«የዳንግላዋ... ሽማግሌ የሚላክላት... እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

ወይ ጉድ! እትዬ እህተማርያም ቀሚሳቸውን ቀስ ብለው ወደ ታች ሳቡና ጉልበታቸውን ሸፈኑት። ያችን ሶስና በየሁለት ሳምንቱ ስታሻት የነበረችውን ጉልበት፣ ከሶስና ሸፈኗት።

«ለዚህ ነበር?» አሉ።

«ለምኑ?»

«እጄን የያዝሽኝ። አልሸጥም ያልሽኝ። ስንት ቤት አልፈሽ እኔ ቤት የገባሽው ለዚህ ነበር፣ ልጄን ልትወስጅ?»

«ኧረ እትዬ፣ በማርያም! እናቱ መሆንዎን ያወቅሁት ትናንት ነው!»

«ሰውዬውን ሊያታልሉ የመጡትም እንደ አንች ለስላሶች ነበሩ። አንዱ እግሩን ሊያጥበው ደርሶ ነበር።» ዓይናቸው እንባ ሞላ፣ ግን ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። «በመጀመሪያው ቀን አልሸጥም ትያለሽ። ሸጠሻል እኮ ልጄ። ያን ቀን ነው የሸጥሽኝ።»

ሶስና ስትኮራበት የኖረችው ነገር ነው። ከሁሉም ሻጭ እለያለሁ የምትልበት። አሁን ከእኚህ ሴትዮ አፍ ሲወጣ ራሷን ጠረጠረች፣ እውነት ሌላ ቀን እንዲገዙኝ ብዬ ነበር እንዴ የማልሸጠው?

«አንዲት ቃል ብቻ ይንገሩልኝ» አለች። «ገዢ ነኝ ብቻ ይበሉት።»

«ስሜን እዚያ ቢሮ ካስጠራሽኝ፣ ልጄ ፊት መሐላ አፍራሽ ካስባልሽኝ፣ አማት የለሽም። እኔም ምራት የለኝም።» ብልቃጧን፣ ያችን ቅባት ያለባትን ትንሽ ብልቃጥ፣ ከጎናቸው አንስተው እጇ ላይ አስቀመጡላት። ግማሽ ናት። ገና ፀሐይ ሞቅ ያደረጋት።

ያን ሙቀት መዳፏ ውስጥ ይዛ ነው እስከ ዳንግላ የመጣችው።

* * *

ቅዳሜ፣ የዳንግላ ገበያ ቀን። ቤት ውስጥ ነገ ለሚመጡ ሽማግሌዎች ወንበር ከጎረቤት እየተሰበሰበ ነው፣ ሶስና ግን አርሴማ ደጅ የተመለሰ ሳሙና እየደረደረች ነው። አንድ ጋሪ መጥቶ ቆመ። አዝመራው ነው፣ ጋሪ ነጂው፣ ሶስናን ከነካርቶኗ ሰፈር ለሰፈር ሲያደርሳት የኖረው ሰውዬ።

«ሙሽራዋ!» አላት። «ከእንጅባራ በሚኒባስ የመጣ ነው፣ ረዳቱ በእጅሽ እንድሰጥሽ አደራ አለኝ። ሚኒባሱ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይመለሳል፣ መልስ ይዘህ ና ተብያለሁ።»

ፖስታ ነው። ከፈተችው። ውስጡ ሁለት ወረቀት። አንዱን ገና ስታየው አወቀችው፣ የራሷ እጅ ጽሑፍ ነው። ዝርዝሩ። ዋናው! ሌላው ደብዳቤ ነው፣ የምንይችል፣ እየተጫነ የሚጽፈው ጽሑፍ።

«ሶስዬ፣

ይሄ ዋናው ዝርዝር ነው። ቅጂ የለውም። ሰኞ ጠዋት ፋይሉ ወደ ባሕር ዳር ይሄዳል። ዝርዝሩ ውስጡ ካለ አርባ ሦስቱም አንድ በአንድ ይጠራሉ። ቃል የምቀበለው እኔ ነኝ፣ ከእናቴም ጭምር።

እናቴን ደግሜ ጠየቅኋት። አሁንም አላውቃትም ትላለች። አንች ታውቀኛለች ትያለሽ። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሹኛላችሁ፣ የትኛችሁ እንድትሆን እንደምፈልግ እንኳ አላውቅም።

ከፈለግሽ አቃጥይው። ከፈለግሽ መልሽልኝ። አልጠይቅሽም። የፈለግሽውን ብታደርጊ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ።

ዘንገና ላይ ለፍቅር ነበር። ያን ቀን ልመልስልሽ ያቃተኝ ስላመንሽኝ አፍሬ ነው።

ምንይችል»

ሶስና ሁለት ጊዜ አነበበችው። የመጨረሻዋን ሦስት ጊዜ።

አርሴማ ከትከሻዋ በላይ አንብባ ጨርሳለች። «ክብሪት አለኝ» አለች ወዲያው። «ሁለተኛዋ ስም እኔ ነኝ፣ ላስታውስሽ። ይሄው ልጁ ራሱ አቃጥይው አለሽ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ቢፈትነኝስ?»

«ምን?»

«አስቢው። አጭበርባሪ ዝርዝሯን ብታገኝ ምን ታደርጋለች? ታቃጥላለች። ካቃጠልኩት ዕድሜ ልኩን ሲያየኝ የሚያየው አመዱን ነው። ያውም ከፋይል ወረቀት የሰረቀልኝ ባል!»

«እና ልትመልሽው ነው? ሃያ ዘጠኝ ሴት ቢሮ ልታስጎትች? ያች የማርያም ሰፈሯ፣ ባሏ መግዛቷን ቢሰማ ምን እንደሚያደርጋት ታውቂያለሽ። እናቱስ? ልጃቸው ፊት ቆመው ገዝቻለሁ ቢሉ መሐላ አፈረሱ፣ አልገዛሁም ቢሉ አንች ሌባ ሆንሽ!»

«አውቃለሁ።»

«እሱስ በእውነት ቢሆንስ? ሥራውን ለአንች ሊያጣ ቆርጦ ቢሆንስ?»

«እሱን ነው የማላውቀው!» ሶስና ጮኸች፣ ፈረሱ ጆሮውን አቆመ። «እሱን አውቄ ቢሆን ኖሮ ከአንች ጋር እጨቃጨቅ ነበር?»

ወረቀቱን እንደገና ዘረጋችው። ጣቷ እየወረደ ሠላሳ አንድ ላይ ቆመ። እህተማርያም ወገኔ። ስትጽፈው ትዝ አላት፣ ፈገግ ብላ ነበር የጻፈችው፣ ጉልበታቸው ተሽሏቸው ደስ ብሏት። አፍንጫዋ ላይ ጥቁር አዝሙድ ሸተታት፣ ከራሷ እጅ ይሁን ከወረቀቱ አልለየችውም።

በአንድ እጇ ዝርዝሩ። በሌላው እጇ አርሴማ ክብሪቷን አስጨበጠቻት። ከአጥሩ ማዶ፣ ከቤታቸው፣ እናቷ «ሶስና፣ ወንበር አሥራ ሁለት ይበቃል ወይ?» እያሉ ይጣራሉ።

አዝመራው ልጓሙን ሰብሰብ አደረገ። ቀልዱ ጠፍቷል፣ ፊቷን አይቶ።

«ሚኒባሱ ይሄድብኛል፣ የእኔ እመቤት» አላት በቀስታ። «ምን ይዤለት ልሂድ?»

እስቲ እናንተ በሶስና ቦታ ሁኑ። ሽማግሌው ነገ ነው፣ ክብሪቱም ወረቀቱም እጃችሁ ላይ ነው፣ የምትወዱት ሰው ያመናችሁ ይሁን የሚፈትናችሁ አታውቁም። አዝመራውን ምን አስይዛችሁ ትልኩት ነበር?